ልጆቼ ለመርከቡ እራት የለበሱት

ባለቤቴ ሐምሌ መግቢያ ላይ ሲሞት ለጥር መጨረሻ የመርከብ ጉዞ ተይዞለት ነበር። የያዘለት ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ትዳር ሳይዝ ዕድሜው የገፋ፣ የወንድሙን ልጆች እንደ ራሱ ልጆች የሚያይ ሰው ነው፤ እኔም ልጆቼም ጋሼ ነው የምንለው። ግንቦት ላይ ደውሎ፣ ልጆቹ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ትምህርት ሲዘጉ እናታችንን እማማንም ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ከዱባይ ተነሥተን ጥቂት ቀን ባሕር ላይ አብረን እንሰነብታለን፣ ጨርሼዋለሁ አለን። ባለቤቴ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብቻውን ሲስቅ ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጎማ ሲሸጥ የኖረ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ ያላየ ሰው ነበር። «እኔ ደግሞ መርከብ ላይ ምን እሠራለሁ?» ይላል፤ ይላል እንጂ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

የሞተው ደረጃ ላይ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ቤት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ። ድምፁን ሰምታ መጀመሪያ የወጣችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ሲያወርዱት እሷ ከፊት ከፊት እየሮጠች ደረጃው ላይ የተደረደረውን ጀሪካንና የከሰል ምድጃ እያነሣች መንገድ ታስለቅቅ ነበር። እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር፤ ስደርስ መኪና ውስጥ አስገብተውታል። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ግፊት ነው አሉን።

ስድስት ዓመቱን የያዘው ወንዱ ልጄ ቀብሩን አላየም። የሰፈር ሴቶች ጎረቤት ቤት ወስደውት ቴሌቪዥን ሲያይ ዋለ። በኋላ አባቱ የት እንዳለ ሲጠይቅ እያንዳንዱ ሰው የመሰለውን ይነግረው ነበር። አንዷ እግዚአብሔር ጋ ሄደ አለችው፣ ሌላዋ ሩቅ አገር፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ ደግሞ አርፏል አሉት። እኔ በዚያ ሰሞን ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ምንም ያልኩት አይመስለኝም።

እማማ የምላቸው የባለቤቴን እናት ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ቤታቸው ለለቅሶው እንደመጡ እኛው ጋ ቀሩ። በሳምንቱ የልጆቹን ልብስ በማዳበሪያ ሰብስበው ወሰዱና ጥቁር አስነክረው መለሱት። የወንዱ ቲሸርት ላይ የአንበሳ ሥዕል ነበረበት፤ አንበሳውን ቀለሙ ውጦት ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። ክረምቱ ደግሞ የበረታ ስለነበር ልጁ በዝናብ በተመታ ቁጥር ቀለሙ አንገቱ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ማታ ማታ በሳሙና አሸዋለሁ። መስከረም ላይ የልጁ የክፍል አስተማሪ ከዩኒፎርሙ በላይ ጥቁር ሹራብ መልበሱ እስከ መቼ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ንስሐ አባታችንም ለሕፃናት ግድ እንዳልሆነ ተናግረው ነበር። እማማ ግን፣ «አባት የሞተበት ልጅ አባት እንዳለው ልጅ ለብሶ ከቤት አይወጣም» አሉ። አንድ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሣባቸው ሰው የለም።

የመንፈቁ ተዝካር እንዳለፈ ጋሼ ደወለ። መርከቡ እንደተያዘ ነው፣ የልጆቹ መንፈስ ይታደስ፣ እማማም ይዩኝ አለ። መጀመሪያ እሺ አላልኩም። እማማ ደግሞ ሙት ዓመት ሳይወጣ ባሕር ላይ ሽርሽር አይሆንም ብለው ቆረጡ። ኋላ የቀረ ልጃቸውን የማየቱ ነገር አሸነፋቸው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ እንሂድ፣ ጥቁራችንን እንደለበስን እንሂድ አሉ።

ጋሼ በድምፅ መልእክት አንድ ነገር ጨምሮ ልኮልኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ራት ላይ ሰው ሁሉ አጊጦ ነው የሚቀርበው፣ ልጆቹንም አስቢባቸው ይላል። መሥሪያ ቤት ሴቶቹን ጠየቅኩ። አንዷ የአገር ልብስ አልብሺያቸው፣ ፈረንጅ ይወደዋል አለች። ሌላዋ ለወንድ ልጅ ያለ ሱፍ አይሆንም አለች። ሦስተኛዋ፣ በዕድሜ የገፉት፣ «አባታቸው ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም አይደል?» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። በምሳ ሰዓት ወደ ተክለ ሃይማኖት ወጣሁና ለሴቷ ውኃ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ለወንዱ ነጭ ሸሚዝና የቢራቢሮ ክራቫት ገዛሁ። ሻጯ ለሰርግ ነው ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት። ቤት ስደርስ ሻንጣው ውስጥ ከፎጣዎቹ በታች ደበቅኩት። ጥቁር መልበስ ሰልችቶኝ አይደለም። የልጄን አንገት ከዚያ ቀለም ነጻ ሆኖ ለማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ዱባይ ወደብ ላይ የጠበቀን መርከብ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሦስቱን ገጥመው ውኃ ላይ ያስቀመጧቸው ይመስላል። እማማ ሲሳፈሩ አማተቡ። ለእኔ፣ ለእማማና ለልጆቹ ጎን ለጎን፣ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ተሰጡን፤ ጋሼ ትንሽ ራቅ ብሎ ያዘ። በመጀመሪያው ማታ ልጆቹ እንደመጡበት፣ ጥቁራቸውን ለብሰው ወደ ራት ወረዱ። አዳራሹ በሙሉ አበባ አበባ ሸሚዝ የለበሰ ቱሪስት ነው፤ ትንንሽ ልጆች በቁምጣ ይሯሯጣሉ። እኛ ስንገባ ሰው ቀና ብሎ አየን፤ ግን እንደ ሰፈራችን ሰው አይደለም። ሰፈር ሰው አይቶን ዓይኑን ይሰብራል፣ ድምፁን ይቀንሳል። እዚህ ፈገግ ብለው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

የተሰጠን ጠረጴዛ በመስኮት በኩል ነው። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ሳህን፣ ስድስት ብርጭቆ ተዘጋጅቷል። እኛ አምስት ነን። ጉዞው ሲያዝ ባለቤቴ ተቆጥሮ ነበር፤ ማንም ስሙን አላስወጣውም። አስተናጋጁ ከእስያ የመጣ፣ ፊቱ ሳቂታ የሆነ ወጣት ነው። ሁላችንንም እጅ ነሥቶ ካስቀመጠ በኋላ ባዶውን ወንበር እየያዘ አባትየው ዘግይተው ይመጡ እንደሆነ ጋሼን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ጋሼ ምናሌውን ሲያገላብጥ ቆየና ዛሬ ትንሽ አሞታል፣ ክፍሉ ነው አለ። እኔ ቀና አልኩ። ጋሼ አላየኝም።

አስተናጋጁ አዘነ። ባሕር የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን እንደሚያቅለሸልሸው ነገረን። ራቱ ሲያልቅ አንድ አረንጓዴ አፕልና ደረቅ ብስኩት በናፕኪን ጠቅልሎ አመጣና ለወንዱ ልጄ ሰጠው፤ ለአባትህ ውሰድለት፣ ሆዱን ያረጋጋለታል አለው። ልጄ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራል፤ ይህን ያህሉ አይጠፋውም። ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እስከ ክፍላችን ድረስ ለማንም አልሰጥም ብሎ ተሸክሞት ሄደ።

ጫማውን ሳወልቅለት፣ «አባዬ የትኛው ክፍል ነው የተኛው?» አለኝ።

አባዬ እዚህ የለም አልኩት። ጋሼ ታሟል ማለቱን አስታወሰኝ። ጋሼ ተሳስቶ ነው፣ አባዬ ሞቷል አልኩት። ይህን ቃል ፊቱን እያየሁ ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። ጥቅሉን ትራሱ አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ከሞተ በኋላ ነው የታመመው?» አለ።

እማማ አልጋው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጅቷ መብራቱን አጠፋችው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መርከቡ አናት ወጣን። እማማ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ሴቷ ልጄ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ውኃውን ታያለች። እኔ ጁስ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ወንዱ የለም። መዋኛውን አየሁ፣ ሽንት ቤቱን አየሁ። እማማ ከፊታቸው ሲጫወት እንደነበር ብቻ ነው የሚያውቁት። ከታች ያለው ውኃ ትዝ አለኝ። አንድ ሠራተኛ በመገናኛ ሬዲዮው መልእክት አስተላለፈልኝ፤ እሱ ሲያወራ እኔ በደረጃው ሮጬ ወረድኩ።

ከእኛ ክፍል ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ጫፉ የማይታይ ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት በር ብቻ ነው። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በገላ መታጠቢያ ካባ እንደሆነች በሯን ከፍታ ጎንበስ ብላ ታናግረዋለች። ልጄ አፕሉን ደረቱ ላይ ይዟል። በእርጥቡ ሙቀት ቀለሙ እንደገና አንገቱ ላይ ወርዷል። ሲያየኝ አልደነገጠም፣ አላለቀሰም። ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ እያሳየኝ፣ «የቀሩት እነዚያ ብቻ ናቸው» አለኝ።

አቅፌው ወጣሁ። ከባድ ልጅ አይደለም፤ እኔ ግን በየደረጃው እያረፍኩ ነው የደረስኩት።

ጋሼን ክፍሉ ድረስ ሄጄ አናገርኩት። ልጁ ምን ሲያደርግ እንደዋለ ስነግረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ለምን እንደዚያ አልክ፣ ለአንድ አስተናጋጅ እውነቱን መናገር ምን ያቅታል አልኩት።

«ወንድሜ ሞቷል የሚለውን በአማርኛም ገና አልተናገርኩትም» አለ። «የምሠራበት ቦታ ማንም አያውቅም። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የት ነበርክ ሲሉኝ እረፍት ነው ያልኳቸው።»

በሩን ዘግቼለት ወጣሁ።

ያ ማታ ሰው ሁሉ አጊጦ የሚቀርብበት ራት ነበር። ክፍላችን ገብቼ ሻንጣውን አልጋው ላይ ገለበጥኩት፤ ሰማያዊውን ቀሚስና ነጩን ሸሚዝ አወጣሁ። እማማ አንዴ ልብሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ዛሬ ጥቁር አይለብሱም፣ እማማ።»

ሰው ምን ይላል፣ እኔስ ለሟቹ ምን እመልሳለሁ እያሉ ብዙ ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እማማ ሲቆጡ ድምፃቸው ይወርዳል። እኔ የልጄን አንገት በሳሙና እያሸሁ ሰማኋቸው። ከዚያ ዞር ብዬ፣ «ልጁ አባቱን በየበሩ እያንኳኳ ሲፈልግ ነው የዋለው» አልኳቸው። «ሰባት ወር ጥቁር ለብሶ አባቱ መሞቱን አያውቅም። ታዲያ ለማን ነው የለበሰው?»

በትዳር ዘመኔ ሁሉ ለእማማ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ለወንዱ ነጩን ሸሚዝ አለበስኩት፣ ክራቫቱን አሰርኩለት። ሰማያዊውን ቀሚስ ለእህቱ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«እኔ አላወልቅም» አለች። እማማን ፈርታ መስሎኝ እኔ አለሁልሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ለእማማ ብዬ አይደለም። ጥቁር ስለብስ ማንም አይጠይቀኝም። ያዩኛል፣ ይገባቸዋል፣ ዝም ይላሉ። ካወለቅኩት አባትሽስ ይሉኛል። ያን ጊዜ እኔ ነኝ መናገር ያለብኝ።»

በደረጃው ያን ጀሪካን ስታነሣ የነበረችው ልጅ ይህን ሁሉ ወር ይህን ስታስብ ኖራለች። ቀሚሱን አጥፌ ወደ ሻንጣው መለስኩት።

ወረድን። የአዳራሹ በር ሲከፈት ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ትናንት በአበባ ሸሚዝ የነበሩት ወንዶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ መሬት የሚጠርግ ጥቁር ቀሚስ። ልጆቹ ሳይቀሩ ጥቁር ኮት ተደርጎላቸዋል። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ይሳቃል። ጋሼ አጊጠው ነው የሚመጡት ሲለኝ የፈረንጅ ማጌጫው ጥቁር እንደሆነ ልብ አላልኩም ነበር። ከመላው አዳራሽ በነጭ ሸሚዝ ጎልቶ የሚታየው የእኔ ልጅ ነው።

የእማማን እጅ ሳብ አድርጎ፣ «እነሱም አባታቸው ሞቶባቸው ነው?» አላቸው።

እማማ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር አዩት።

ወደ ጠረጴዛችን ስንሄድ አንዲት ሽቶዋ ከሩቅ የሚሸት ሴትዮ የሴቷን ልጄን ትከሻ ነካ አድርጋ ልብስሽ እንዴት ያምራል አለቻት። ልጄ ቆም አለች። የተነከረ፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ቀሚሷን ወደ ታች አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ እንደገና ስድስት ሳህን አለ። አስተናጋጁ እየሳቀ መጣ። ወንበር እየሳበ ሁላችንንም ካስቀመጠ በኋላ አባትህ እንዴት ናቸው፣ አፕሉ ረዳቸው ወይ ብሎ ወንዱን ጠየቀው። ወንዱ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ምናሌውን ማገላበጥ ጀመረ። እኔ የምለውን በእንግሊዝኛ እየደረደርኩ ነበር።

የተናገረችው ሴቷ ናት። ክፍል ውስጥ ተጠርታ እንደምትመልስ ተማሪ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። አባቴ ሞቷል አለችው። በክረምት ነው የሞተው፣ ደረጃ ላይ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ አለችው። በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ነው የተናገረችው። ከዚያ ተቀመጠች።

የአስተናጋጁ ሳቅ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። ይቅርታ ጠየቃት፤ ለጋሼ ወይም ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ቀጥሎ ማድረግ ያለበትን የማያውቅ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ባዶውን ቦታ ማንሣት ጀመረ። ሳህኑን፣ ሹካውን፣ ቢላውን፣ ብርጭቆውን፣ የታጠፈውን ናፕኪን። ወንዱ ልጄ እያንዳንዱ ዕቃ ሲነሣ በዓይኑ ተከተለው። ወንበሩም ሲወሰድ ወደ እማማ ተጠጋ።

«አይመጣም ማለት ነው?»

«አይመጣም፣ የኔ ጌታ» አሉት እማማ። «ሞቷል። እኔው ነኝ ያስቀበርኩት።»

ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። ሐምሌ ላይ ያላለቀሰውን በአንድ ጊዜ አለቀሰው። ሙዚቃው ቀጥሏል፣ ከዙሪያችን ያሉት ጥቁር ለባሾች ግን አንገታቸውን አዙረው ዝም አሉ። እማማ ዝም በል አላሉትም። ነጠላቸውን አውልቀው ነጩን ሸሚዝ ሸፈኑለት፣ ጉያቸው ውስጥ አስገቡትና እሳቸውም እንደ አገራቸው፣ እየተወዛወዙ፣ በቀስታ አለቀሱ። ጋሼ ተነሥቶ ወጣ። ራት አልበላንም።

በቀሩት ቀናት ጠረጴዛችን ላይ አምስት ሳህን ይቀርብ ነበር። ጋሼ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ልጆቹ የለበሱትን ነገር ማንም አላነሣውም፤ ወንዱ ያገኘውን ይለብሳል፣ ሴቷ ጥቁሯን። አውሮፕላን ማረፊያ ስንለያይ ጋሼ እናቱን አቅፎ ቆየ፣ እኔን ግን ጉንጬን ሳም አድርጎ ብቻ ሄደ። ቅር አሰኝቼው ይሆን፣ አፍሮ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለብዙ ጊዜ አልደወለም። ለሙት ዓመቱም ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ፤ እማማ ያ ነገር እንዴት እንዳደረጋቸው በቃል አልነገሩኝም፣ የዚያን ቀን ግን እህል አልቀመሱም።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እማማ ወንዱን ወደ መቃብሩ መውሰድ ጀምረው ነበር። ከልደታ ማርያም ከቅዳሴ መልስ ይወስዱታል። የማይጠይቀው ነገር የለም። ሳጥኑ ውስጥ ጨለማ ነው ወይ ይላቸዋል፣ ጫማ አድርጎ ነው ወይ ይላቸዋል። እሳቸው የሚያውቁትን ይነግሩታል፣ የማያውቁትን አላውቅም ይሉታል። አንዳንዴ እየተመለሰ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆሎ እየበላ ይመጣል። ሴቷ አብራቸው አትሄድም። እኔም አላስገድዳትም።

በቅርቡ ጋሼ ደወለ። እንዴት ናችሁ፣ ልጆቹ ትምህርት እንዴት ነው ተባባልን። ወንዱ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ የተሰበረ መኪናውን ሲጠግን ነበር፤ ጋሼ መሆኑን ሲሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ሰላምታ አላለውም።

«ጋሼ፣ አባዬ እኮ ሞቷል» አለው። «አንተም ታውቃለህ አይደል?»

ከወዲያ ያለውን ድምፅ እኔ አልሰማሁትም። ልጄ ግን ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያ «እሺ» አለና ስልኩን መልሶልኝ ወደ መኪናው ዞረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ጋሼ እያለቀሰ ነበር። እስኪጨርስ ድረስ አልዘጋሁበትም።